የመጽሐፉ ጀርባ ምን ይበል?



ልጆች ትምህርት ቤት ተረትና ታሪክ ይጽፋሉ። አንዳንዶቹ ወረቀቱን አጥፈው፣ በመርፌና በክር ሰፍተው፣ ትንሽ መጽሐፍ ያደርጉታል። በፊቱ ላይ ርዕሱንና ስማቸውን ይጽፋሉ። ሥዕልም ይሥሉበታል። ጀርባው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ስለ ጀርባው ነው።

የታተመ መጽሐፍ ስታገኙ ገልብጣችሁ እዩት። በጀርባው ብዙውን ጊዜ አጭር ጽሑፍ አለ። አንዳንዱ ላይ የደራሲው ፎቶግራፍና የሕይወት ታሪኩ ይገኛል። አንዳንዱ ላይ ከውስጥ የተወሰደ ጥቂት መስመር አለ። ሌላው ላይ ደግሞ ሰዎች ስለ መጽሐፉ የሰጡት አስተያየት ይታያል። የሁሉም ሥራ አንድ ነው። መጽሐፉን ላነሣ ሰው «ውስጤ ይህ አለ» ብሎ መንገር ነው።

ገበያ ወጥታችሁ ጤፍ ስትገዙ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ከጆንያው አፍ ዘገን አድርጋችሁ በመዳፋችሁ ላይ ታዩታላችሁ። የመጽሐፍ ጀርባም እንደዚያች ጭብጥ ጤፍ ነው። ከላይ ማኛ፣ ከታች ገለባ ወደ ሸጠ ነጋዴ ማን ይመለሳል? ልጅም «ከዚህ የሚበልጥ መጽሐፍ የለም» ብሎ ቢጽፍ እንዲሁ ነው። አንባቢው አንዴ ከተታለለ ሁለተኛ አያምነውም።

ታዲያ ልጃችንን እንዴት እንርዳ? እናንተ አትጻፉለት። ጠይቁት። ሦስት ጥያቄ ይበቃል።

1. ታሪኩ ስለ ማን ነው?
2. ያ ሰው ምን ፈለገ? ወይስ ምን ቸገረው?
3. ምን እንቅፋት ገጠመው?

መልሱን መጀመሪያ በአፉ ይንገራችሁ። ልጅ እርሳስ ሲይዝ ቃል ይጠፋበታል፤ ሲያወራ ግን ይቀናዋል። የተናገረውን ያንኑ በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፈው። ካስተካከለው በኋላ ወደ መጽሐፉ ጀርባ ይገልብጠው። ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ምሳሌ እንይ። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ጠፋች ጊደር ታሪክ ጻፈች እንበል። መጀመሪያ በጀርባው ላይ እንዲህ አለች፦

«ይህ በጣም ጥሩ መጽሐፍ ነው። በጣም ያስደስታል። ጊደሯ በመጨረሻ ከወንዝ ማዶ ተገኘች። ሁላችሁም አንብቡት።»

ምን ጎደለው? «በጣም ጥሩ» አለች እንጂ ጥሩነቱን አላሳየችንም። መጨረሻውንም ነገረችን። የጊደሯን መገኘት አስቀድመን ካወቅን ለማንበብ ምን ያጓጓናል? እናቷ ሦስቱን ጥያቄ ጠየቀቻት። ልጅቷም መልሷን ጻፈች፦

«አንዲት እረኛ ከብት ስትጠብቅ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ የአባቷ ጊደር የለችም። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ወንዙም ሞልቷል። ለአባቷ ትንገር ወይስ ብቻዋን ትፈልግ?»

እዚህ ላይ አንድም የሙገሳ ቃል የለም። ግን ገጹን እንድንገልጥ ያደርገናል።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ክፍል በክፍል ተረከው። ማንበብ የማይችል ሰው ሳይቀር ታሪኩን ሰማው። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሰሚው የሚቀጥለውን ይጠብቃል። «ከዚያስ?» ይላል። የመጽሐፍ ጀርባም አንባቢውን «ከዚያስ?» ማሰኘት አለበት።

ከዚያ በታች ልጁ ስለ ራሱ ሁለት መስመር ይጻፍ። ስሙን፣ ክፍሉን፣ ታሪኩን ለምን እንደጻፈው ይናገር። «እኔም ከብት እጠብቃለሁ» የሚል አንድ መስመር ከብዙ ሙገሳ ይበልጣል። የሚጽፈውን ያውቀዋል ማለት ነው።

«እኔ ገና አዲስ አንባቢ ነኝ፤ ምን አውቄ እረዳለሁ?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። አዲስ አንባቢ እኮ ጥሩ ፈታኝ ነው። እናንተን ያደናቀፈ ቃል ሌላውንም ያደናቅፋል። ጣታችሁን ቃሉ ላይ አድርጋችሁ «ይህ ምን ማለት ነው?» በሉት። አትቆጡት፤ አትሳቁበት። የፊደል ስሕተቱን በመጨረሻ አብራችሁ ታርማላችሁ።

መጽሐፉን አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ ልጁ ፈቃደኛ ከሆነ፣ እናንተም አስተያየታችሁን በጀርባው ላይ ጻፉ። እውነቱን ብቻ ጻፉ። «ወንዙ ዘንድ ስደርስ ልቤ ፈራ» ማለት ይበቃል። ከሥሩም ስማችሁን ጻፉበት። ትናንት በአውራ ጣቱ ይፈርም የነበረ ሰው ዛሬ በልጁ መጽሐፍ ላይ ስሙን ይጽፋል። ልጁም ያንን መጽሐፍ በቀላሉ አይጥለውም።

መልመጃ

1. የምታውቁትን አንድ ተረት አስቡ። መጨረሻውን ሳትናገሩ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉት።
2. የጻፋችሁትን ለጎረቤት አንብቡለት። «ከዚያስ?» አለ ወይስ ዝም አለ? ዝም ካለ ምን ጎደለው? ተወያዩበት።