«አሰልቺው» ኢራስመስ

«የደቡብ አፍሪካ ራግቢ ያሰለቻል» የሚሉ ሞልተዋል። እውነት ነው፣ ያሰለቻል። የራሲ ኢራስመስ ልጆች ኳሷን ወደ ሰማይ ይጠልዛሉ፣ ይጋፋሉ፣ ደግመው ይጋፋሉ። ግን ሰውዬው የተረከበው ምን ነበር? እ.ኤ.አ በ2017 በኒውዚላንድ 57 ለ 0 የተቀጠቀጠ ቡድን! በ2018 ያዘው፤ በ2019 በፍፃሜው እንግሊዝን 32 ለ 12 ረትቶ የዓለም ዋንጫ አነሳ። በ2023 እሱ ዳይሬክተር፣ ዣክ ኒናበር አሰልጣኝ ሆነው ደገሙት። ያኔ ሩብ ፍፃሜውንም፣ ግማሽ ፍፃሜውንም፣ ፍፃሜውንም ያሸነፉት በአንድ አንድ ነጥብ ልዩነት ነው። «ዕድል ነው» ትሉ ይሆናል። አንዴ ዕድል ነው፤ ሦስቴ ግን ሥራ ነው። «ጥሩ ተጫውተን ተሸነፍን» እያልን የኖርን የኳስ አፍቃሪዎችም ልብ እንበል፦ አሰልጣኝ በጨዋታ ውበት ብቻ አይመዘንም።