ውድ እግር

በዚህ ወር ስለ አንድ እግር እንጫወት። ባለቤቱ አሌክሳንደር ኢሳክ ይባላል። ቤታችሁ ውስጥ የሊቨርፑል ማሊያ ለብሶ የሚተኛ ልጅ ካለ ታሪኩን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ስዊድን ውስጥ ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደ አጥቂ ነው። ሊቨርፑል ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከኒውካስል ሲገዛው 125 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣበት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በእንግሊዝ ክለቦች ታሪክ ለአንድ ተጫዋች ይህን ያህል ተከፍሎ አያውቅም። ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ቶተንሃም ሜዳ ላይ ከእረፍት መልስ ተቀይሮ ገባና ጎል አገባ። ኳሷን ሲመታ ግን የቶተንሃሙ ተከላካይ ሚኪ ቫን ደ ቨን ተንሸራቶ እግሩ ላይ ደረሰበት። ጎሉ ተቆጠረ፣ እግሩ ተሰበረ። ሰኞ ዕለት ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቷል፣ ከቅልጥሙ ጎን ያለው ቀጭኑ አጥንትም ተሰብሯል።

ጨዋታውን ያየሁት ሰቆጣ ነው፤ ሥራዬ እዚያ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎች የከተማዋን ስም የምታውቁት በአብዛኛው በ«ሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይመስለኛል፤ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የገባው ቃል ነው። ቅዳሜ ማታ ብትመጡ ግን የዋግ ኽምራዋ ዋና ከተማ እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ ለአርሴናል፣ ለማንቸስተርና ለሊቨርፑል ተከፋፍላ ነው የምታገኟት። ኳስ ማሳያ ቤቱ ውስጥ ክርክሩ በአማርኛ ይጀመራል፤ ሲጦፍ ወደ ኽምጣኛ ይሻገራል። ኽምጣኛ የማይሰማ ሰው የክርክሩ ጣፋጭ ክፍል ያመልጠዋል።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ጥያቄው አንድ ነው፦ ኢሳክ መቼ ይመለስ? ልብ በሉ፣ «መቼ ይድናል?» የሚል የለም።

ለአንዱ ወገን ነገሩ የገንዘብ ነው። «ይህ ሁሉ ሚሊዮን ወጥቶበት ይተኛል እንዴ?» ይላል። አንዱ ዋጋውን በስልኩ ወደ ብር ሊቀይር ሞክሮ ዜሮዎቹ በዝተውበት ተወው። (እኔም እዚህ አልቀይርላችሁም፤ መጽሔቱ ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ምንዛሪው ይቀየራል።) የአርሴናል ደጋፊዎች ደግሞ ከጉዳቱ በፊት የነበረውን ያነሳሉ። ልጁ ክረምቱን ሙሉ ከኒውካስል ጋር ተኳርፎ፣ ልምምድ ሳይሠራ ነው የመጣው፤ በአራት ወር ውስጥ ለሊቨርፑል በሊጉ ያገባው ጎል ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ራሱ ያ እግሩን ያስከፈለው ነው። «ቢመለስስ ምን ሊያደርግላችሁ ነው?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ደሙ የእኛው ነው ብለው ይሟገቱለታል፤ በዚህ በኩል ዋጋው ሳይቀር እንደ ቤተሰብ ኩራት ይቆጠራል።

አንድ ሽማግሌም አሉ። ኳሱን የሚያዩት ከልጃቸው ልጅ ጋር ነው። «ደህና ወጌሻ ቢያገኝ ይሄኔ በሮጠ» አሉ። ቤቱ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልቀለዱም። ቋንቋችንም ቢሆን ከእሳቸው ጋር ነው፤ ሜዳ ላይ ቦርሳ ይዞ ሮጦ የሚገባውን ባለሙያ ዛሬም የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ወጌሻ» ነው የሚሉት። የመንደሩ ወጌሻ በእጁ ዳብሶ ብዙ እግር አቃንቷል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ልጅ ያላችሁ ሁሉ አንድ ነገር ያዙልኝ። የተሰበረ እጅ ወይም እግር ላይ ተጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም ይከለክላል። ከማሰሪያው በታች ያሉት ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፣ ሕመሙም እያደር ከባሰ፣ ማሰሪያው ያን ሰዓት ይፈታና ልጁ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ሳይነጋ ነው የምላችሁ። የዘገየ እግር የሚቆረጥበት ጊዜ አለና።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ ያጠናሁት ቢዝነስ ስለሆነ እዚህ ላይ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ክለቦች የተጫዋች ዋጋ በመዝገባቸው ላይ የሚያሰፍሩት በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በውሉ ዓመታት ላይ ያከፋፍሉታል። ኢሳክ የፈረመው ለ6 ዓመት ነው፤ የፕሪሚየር ሊጉ ደንብ ግን ማከፋፈያው ከ5 ዓመት እንዳይበልጥ ይከለክላል። 125 ለ5 ሲካፈል በዓመት 25 ሚሊዮን ነው። ሮጠም ተኛም፣ ይህ 25 ሚሊዮን በየዓመቱ በወጪ መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ሰቆጣ ያለው ደጋፊ ይህን ደንብ ባያውቅም ስሜቱ ገብቶታል፦ እያንዳንዷ የተኛባት ሳምንት እየተከፈለባት ነው። በሳምንት ወደ 480 ሺህ ፓውንድ ማለት ነው።

ስሜቱ ትክክል ነው፣ መደምደሚያው ግን አይደለም። እንዲህ አስቡት። ለልጃችሁ ልደት አዳራሽ ይዛችሁ ቀብድ ከፍላችኋል። ዋዜማው ላይ ልጁን ትኩሳት ያዘው። ቀብዱ አይመለስም። ታዲያ «ከፍለንበታል» ብላችሁ የሚንቀጠቀጠውን ልጅ ኬክ ፊት ታቆሙታላችሁ? ገንዘቡ ሄዷል፤ ልጁ ቢሄድም ባይሄድም ሄዷል። አሁን በእጃችሁ የቀረው ውሳኔ ስለ ልጁ ብቻ ነው። የኢሳክም 125 ሚሊዮን እንዲሁ ነው። አጥንት ስንት እንደተከፈለበት አያውቅም፤ የሚገጥመው በራሱ ጊዜ ነው። እንዲያውም ዋጋው የሚያስተምር ከሆነ ትምህርቱ ተቃራኒው ነው፤ ከፊታቸው አምስት ዓመት ያላቸው ሰዎች ስለ አምስት ሳምንት መቻኮል የለባቸውም።

የችኮላ ታሪክ ካስፈለገ ሩቅ አንሄድም፤ አባቶቻችሁ ያውቁታል። ብራዚላዊው ሮናልዶ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ኢንተር ሚላን ሲሄድ የዓለም ውዱ ተጫዋች ሆኖ ነው። ኅዳር 1999 ከሌቼ ጋር ሲጫወት ጉልበቱን ተጎዳ። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2000፣ ሮም ላይ ከላዚዮ ጋር በጣሊያን ዋንጫ ፍጻሜ ተቀይሮ ገባ። ሜዳ ላይ የቆየው ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። ማንም ሳይነካው፣ ኳስ ይዞ ሊያታልል ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ ጅማቱ ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ከሜዳ ራቀ። በ2002 የዓለም ዋንጫ 8 ጎል አግብቶ ለብራዚል ዋንጫ ማንሳቱን ሁላችንም እናወራለን፤ ያቺን ሰባት ደቂቃ ግን ብዙ ሰው አያነሳትም።

የትዕግሥቱን ታሪክ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ከራሳቸው ቤት ያገኙታል። ቨርጂል ቫን ዳይክ በ75 ሚሊዮን ፓውንድ የተገዛ ተከላካይ ነው። ጥቅምት 7 ቀን 2013 ዓ.ም. ከኤቨርተን ጋር ሲጫወት ግብ ጠባቂው ጆርዳን ፒክፎርድ ገጨውና የጉልበት ጅማቱ ተጎዳ፤ ያ ተጫዋቾች ስሙን ሲሰሙ የሚደነግጡበት ኤሲኤል የሚባለው። እሱ በሌለበት ክረምት ሊቨርፑል በገዛ ሜዳው በሊጉ ስድስት ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ። «ይመለስ!» የሚለው ጩኸት ምን ያህል እንደነበር ገምቱ። በዚያ ላይ የአውሮፓ ዋንጫ ነበር፣ አገሩ ሆላንድም ትጠብቀው ነበር። እሱ ግን አልሄድም አለ። የተመለሰው ሐምሌ ላይ፣ በወዳጅነት ጨዋታ ነው፤ ከተጎዳ ዘጠኝ ወር ካለፈ በኋላ። በቀጣዩ ዓመት ሊቨርፑል ሁለቱን የእንግሊዝ ዋንጫዎች ሲያነሳ እሱ ተከላካይ መስመር ላይ ነበር።

ዘጠኝ ወር ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ይህ ጅማት ተጠግኖላቸው ወደ ስፖርት የተመለሱ ሰዎችን ተከታትሏል። እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ እያንዳንዱ የታገሡት ወር ጉልበቱ እንደገና የመጎዳቱን ዕድል በግማሽ ያህል ቀንሶታል። የኢሳክ ጉዳት ሌላ ነው፤ አጥንት ከጅማት ይፈጥናል። ቢሆንም ልጃችሁ በትምህርት ቤት ውድድር ጉልበቱ ተጎድቶ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት «ስንት ወር ቀረው?» ብቻ አትበሉ። «የተጎዳው እግር ከደህናው ጋር ሲነጻጸር ጉልበቱ ምን ያህል ደርሷል?» በሉ። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከመቶ 90 እጅ ያህል እስኪደርስ ይጠብቃሉ፤ በአንድ እግር እያዘለሉም ይለኩታል።

ከሁሉም ግን እኔ የምወደው ዋጋው የተረሳውን ሰው ነው። የአርሴናሉን ሳንቲ ካዞርላን አስታወሳችሁት? ለአርሴናል ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2016 ነው። ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ቁስሉ አመረቀዘ፤ ከተረከዙ በላይ ካለው ጅማት 8 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ተበላ። ሐኪም ከልጁ ጋር ግቢ ውስጥ መራመድ ከቻለ እንዲያመሰግን ነገረው። ቁስሉን ለመሸፈን ከክንዱ ቆዳ ተወሰደ፤ ክንዱ ላይ የሴት ልጁ ስም ተነቅሶ ነበርና የስሟ ግማሽ ዛሬ እግሩ ላይ ነው። በ2018 በነፃ ወደ ስፔን ተመለሰና ቪያሪያል ውስጥ መጫወት ጀመረ። በ40 ዓመቱ፣ ባለፈው ዓመት፣ የልጅነት ክለቡን ሪያል ኦቪዶን ወደ ስፔን ዋናው ሊግ ሲያሳድግ ደመወዙ ሊጉ ከሚፈቅደው ዝቅተኛው ነበር። በዚያ ሰዓት ሚሊዮኑን የሚያሰላበት ደጋፊ አልነበረም፤ በአገራችን ያሉ አርሴናሎች እንኳ ስሙን የሚያነሱት እንደ ዘመድ ነው።

ከእኛ ቤትም አቡበከር ናስር አለ። በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ሪከርድ ሰብሮ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከሜዳ ሲያርቀው እዚህ የተባለውን ታስታውሳላችሁ፤ «ከሰረ» የሚል ቃል ነበር። ስለ አንድ በሃያዎቹ ስላለ ልጅ እግር ስናወራ ከገበያ ቃል ሌላ አለማግኘታችን፣ ያውም እኔ በገበያ ሥራ የምተዳደረው ሳልቀር፣ ያስገርመኛል።

አሁን ስለ እኛ እግር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ ነው፤ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ደመወዝተኛ የሆናችሁ ይህችን ቁጥር ከቤት ወጪያችሁ ጋር አስተያዩዋት፤ አጥንታችሁ ገና ሳይጠነክር ደመወዛችሁ ግማሽ ይሆናል። ተጫዋች በብሔራዊ ቡድን ተጎድቶ ከአራት ሳምንት በላይ ከተኛ ፊፋ ለክለቡ በቀን እስከ 20,548 ዩሮ ይከፍላል። ኢሳክ የተጎዳው በክለቡ ጨዋታ ስለሆነ ይህ አይመለከተውም፤ እንዲህ ያለ ዋስትና መኖሩን ግን እወቁት።

ኳስ ማሳያ ቤቱ ውስጥ «ይተኛ፣ ተዉት» እያለ ብቻውን የሚከራከር አንድ ወጣት አለ። የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ባጃጇ በብድር የተገዛች ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ቀኝ እግሩ ተሰበረ። የባጃጅ ፍሬን የሚረገጠው በቀኝ እግር እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የሰቆጣን ቁልቁለት የማታውቁ ደግሞ ከእኔ ስሙ፣ ቁልቁለት ነው። ሐኪሙ ሦስት ወር አለው። የብድሩ ክፍያ ግን በየወሩ ነበር። የእቁብ ጓደኞቹ ተነጋግረው ዕጣውን አስቀድመው ሰጡት፤ ብሩ የሁለት ወር ክፍያ ሸፈነለት። በስድስተኛው ሳምንት ሊወጣ የነበረው ሰው በዘጠነኛው ወጣ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁልቁለቱን የሚወርደው ሰው ሳይጭን ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ አንዱ እንደ ልማዱ ስለ 125 ሚሊዮኑ ሲያነሳ ይህ ልጅ ቀኝ እግሩን አግዳሚው ላይ ዘርግቶ ነበር፤ ሲበርድ ያመዋል። «ወንድሜ፣ ደመወዙ አልተቋረጠ፣ ብድር የለበት፣ ምን አስቸኮለው?» አለና ሻይ አዘዘ።