ሥጋው ቀረ፤ ዋጋውስ?



በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ አገር ዕድገት ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነው ግን ስለ ምሳ ነው። «ተማሪ ከምሳ ሌላ የሚያስበው የለውም ወይ?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን በምን ዓይን እንደሚያየው ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ከአለቃው ቢሮ ይልቅ ወደ ክበቡ ወጥ ቤት ጎራ ቢል ይበልጥ ይማራል ብለን እናምናለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የዕረፍት ወራት ከመካከላችን ጥቂቶቻችን ለሥራ ልምምድ ወደ ቤሌ ሄደን ነበር። ቤሌ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከሶዶ በስተ ምዕራብ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው አገር ትገኛለች። የተመደብንበትን መሥሪያ ቤት ስም አንጠቅስም፤ የምንጽፈው ነገሩ እንዲታረም እንጂ ሰው እንዲዋረድ አይደለምና። በደረስን በሳምንቱ በክበቡ በር ላይ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ከዛሬ ጀምሮ በክበቡም ሆነ በማናቸውም ስብሰባና ሥልጠና ላይ በሚደረግ መስተንግዶ የሥጋ ምግብ አይቀርብም» ይላል። ምክንያቱ አልተገለጸም።

ምክንያት ያልተሰጠው ትእዛዝ ሰው ምክንያት ይፈልግለታል። አንዱ «አለቃው ጿሚ ስለሆኑ ነው» አለ። ሌላው «ወጪ ለመቀነስ ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ፈረንጆቹ ለአየር ንብረት ሲሉ ሥጋ ይቅር ብለው ነው» አለ። ትናንት በአንድ ጠረጴዛ ይበሉ የነበሩ ሰዎች በሦስት ጠረጴዛ ተከፍለው ተቀመጡ። እኛም ብንሆን አልተሻልንም። ከመካከላችን አንዱ ጿሚ ነው። ማስታወቂያውን የጻፈው እሱ ይመስል ቀልድ አበዛንበት፤ ለሦስት ቀንም ከእኛ ጋራ ምሳ ሳይበላ ቀረ። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

ወጥ ቤት የሚሠሩትን እናት ቀርበን ብንጠይቃቸው ግን፣ ማማሰያቸውን እንደ ያዙ እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ እኔ ስለ ፈረንጅም ስለ አለቃም አላውቅም። ሥጋው ቀረ፤ የሥጋው ዋጋ ግን ወደ ድስቱ አልመጣም። ምሳው በድሮው ዋጋ ይሸጣል፤ ሽሮው ግን ቀጥኗል። የምትጽፉ ከሆነ ይህን ጻፉልኝ።» እኛም እንጽፋለን ብለን ቃል ገባንላቸው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንግለጽ። እኛ የሥጋ ጠበቆች አይደለንም። ሥጋ አንወድም ብንል ግን የሚያምነን የለም። ሶዶ በቁርጧና በዳጣዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ለጊፋታ በዓል በሬ ለመግዛትም ብዙ አባወራ በቡድን ሆኖ አስቀድሞ ገንዘብ ያጠራቅማል። ይሁን እንጂ ይህ ልማድ ራሱ ያስተምረናል፤ ለወራት የሚጠራቀምለት ነገር የዕለት ምግብ አይደለም። በኪንዶ ኮይሻ ቆላማ ቀበሌዎች የቆላ ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ ከብቱን ይጎዳል። በሬ ደግሞ ከሥጋነቱ በፊት የእርሻ ጉልበት ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው በአብዛኛው ቀን የሚበላው ቆጮ፣ ስኳር ድንች፣ በቆሎ፣ ጎመን፣ ሀለኮና ቦሎቄ ነው። ሥጋ የሌለበት ገበታ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ለአገራችንም አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ከበዓለ ኀምሳ በስተቀር፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ሁሉም ሲደመር ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ 250 ቀን ያህል ይጾማሉ። ከዚህ የተነሣ ያገራችን ወጥ ቤት ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤና ያለ ወተት ምግብ ማጣፈጥን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ተምሯል። ሌላው ዓለም አሁን በምርምር የሚደርስበትን እናቶቻችን በምስር፣ በክክ፣ በሱፍና በተልባ ሲሠሩት ኖረዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አለው። በአገራችን ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን አለመብላቱ የቆየ ልማድ ነው። ሁለቱ እጃቸውን በአንድ ትሪ የሚያገናኙት በሽሮና በምስር ላይ ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይባላል። ብዙ ዓይነት ሰው በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ሁሉንም የሚያስቀምጥ ገበታ ቢፈለግ፣ ያ ገበታ ሥጋ የሌለበት ነው። እኛ ይህን ገበታ የምናከብረው ሰውን ስለሚያቀራርብ ነው። በቤሌ ያየነው ግን ሰውን ሲለያይ ነው። ለምን?

ፈረንጆችን የጠቀሰው ሰው ስላለ፣ እስቲ በውጭ አገር የተደረገውን እንመልከት። በ2016 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የምግብ አገልግሎት የበሬና የበግ ሥጋን ከሚያስተዳድራቸው ክበቦች አስወጣ። ምክንያቱን ተናገረ፤ አብሳዮቹን ያለ ሥጋ ማብሰል አስተማረ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለአንድ ኪሎ ምግብ የሚወጣው የካርቦን መጠን በሲሶ መቀነሱን አስታወቀ። የሚከለክል ሰው የሚተካውን አስቀድሞ ሲያዘጋጅ እንዲህ ነው። ዊወርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በበኩሉ በ2018 እ.ኤ.አ. በድግሶቹ ላይ ሥጋ እንደማያቀርብ፣ ሠራተኛውም ሥጋ ላለበት ምግብ ያወጣውን ወጪ እንደማይተካለት በደብዳቤ አስታወቀ፤ ብዙ ነቀፌታም ደረሰበት። በጀርመን አገር ደግሞ የአረንጓዴዎች ፓርቲ በ2013 እ.ኤ.አ. የሥራ ቦታ ክበቦች በሳምንት አንድ ቀን ያለ ሥጋ ይዋሉ የሚል ሐሳብ ቢያቀርብ አገሩ ተንጫጫ፤ በዚያው ዓመት ምርጫም ፓርቲው ካለፈው ጊዜ ያነሰ ድምፅ አገኘ። ከሦስቱ የምንማረው፣ ሰው ስለ ሥጋው ብቻ ሳይሆን ስለ አነጋገሩም ጭምር እንደሚቆጣ ነው።

ነገር ግን የጀርመንን ሚዛን እንዳለ ወደ ቤሌ ማምጣት አይገባም። በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ ጀርመናዊ በአማካይ 52 ኪሎ ያህል ሥጋ በልቷል። የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ በዓመት 10 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ለጀርመናዊው ሥጋ መቀነስ ከተረፈው ማጉደል ነው። ለቤሌው የጥበቃ ሠራተኛ ግን የክበቡ ምሳ በሳምንት ውስጥ ሥጋ የሚያገኝበት ብቸኛ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ከተረፈው መቀነስና ከጎደለው መቀነስ አንድ አይደሉም።

ይህን የምንለው ምግቡን ስለምናውቀው ነው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን በ100 ግራም ውስጥ ከ2 ግራም በታች ነው። ደረቅ ቦሎቄ በዚያው ልክ ከ20 ግራም በላይ አለው። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ደግሞ በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከመሰሉት ብቻ ነው። ስለዚህ ሥጋው ወጥቶ ቦሎቄው፣ ምስሩ፣ ለሚበላውም ዕንቁላሉና አይቡ ካልገባ፣ ሠራተኛው የቀረለት ሥጋ ብቻ ሳይሆን ምግቡ ራሱ ነው። ቦሎቄ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ አይደለም፤ የወላይታ ገበሬ ያመርተዋል። ከክበቡ ድስት እስኪገባ የሚጠብቀው የሚገዛው ሰው ፈቃድ ብቻ ነው።

ወደ ሃይማኖቱ ነገር እንመለስ። በ1948 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በዚያ ዘመን የመሥሪያ ቤት ገበታ በጾም ቀን አቆጣጠር ቢመራ የሚደንቅ አልነበረም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በወላይታ ዞን ከመቶው 71 ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 21 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 5 ያህሉ ካቶሊክ ነበር። ስለዚህ ምክንያቱ ጾም ከሆነ፣ ሁሉን በአንድ ሰው ጾም ማስጾም ትክክል አይደለም። ወዶ ያልገባበት ጾም ጾም አይደለም፤ ማጣት ነው። ጾሙንም አያከብረውም፤ ጿሚውን ወንድማችንን ያለ ጥፋቱ እንዳስወቀሰው አይተናልና። በተቃራኒውም፣ ጿሚ ባለበት ክበብ ሽሮውን ሁሉ በቅቤ መሥራት ያው በደል ነው።

«ሥጋ የፈለገ ከቤቱ ይብላ፤ መሥሪያ ቤት ሥጋ የማብላት ግዴታ የለበትም» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው። ግን ይህን ሊል የሚችለው ከቤቱ ሥጋ ያለው ሰው ነው። ማስታወቂያው በተለጠፈ በጥቂት ቀን ውስጥ ከላይ እንግዶች መጡ፤ ምሳቸውን ከአለቆቹ ጋራ በከተማው ሥጋ ቤት ቁርጥ በሉ። እኛ በዓይናችን አይተናል። ትእዛዙ የጸናው በዘበኛውና በጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ብቻ ነበር። ለታችኛው ብቻ የሚሠራ ቁጠባ ቁጠባ አይባልም።

እንግዲህ እኛ የምንለው «ሥጋው ይመለስ» አይደለም። ያለ ሥጋ የሚቀርብ ምሳ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም ለብዙ መሥሪያ ቤቶች ይበጃል። የምንጠይቀው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ምክንያቱ ይነገር። ለቁጠባ ከሆነ ለቁጠባ ነው ይባል፤ ለአየር ንብረትም ከሆነ እንደዚሁ። ሁለተኛ፣ የሚበሉት ይጠየቁ። ዘበኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ወጥ ቤት የሚሠሩት እናት ያሉበት ኮሚቴ ይመረጥ፤ በየስንት ቀኑ ሥጋ እንደሚቀር ይወስን። ሦስተኛ፣ ከሥጋው የተረፈው ገንዘብ በየወሩ ተቆጥሮ በዚያው በክበቡ በር ላይ ይለጠፍ፤ ወይ ወደ ድስቱ ይግባ ወይ ከምሳው ዋጋ ይቀነስ። አራተኛ፣ ደንቡ ከአለቃ እስከ ተላላኪ እኩል ይሥራ፤ ለእንግዳ የሚደረገውም ግብዣ በዚሁ ይታሰብ።

ከእነዚህ ሁሉ ሦስተኛው ይበልጣል። ገንዘቡ ወደ ድስቱ ከተመለሰ፣ ሰው ስለ ምክንያቱ መከራከሩን ይተዋል፤ ወጡ ራሱ ይመልስለታልና። ገንዘቡ የጠፋ እንደሆነ ግን የአየር ንብረትም ሆነ የጾም ስም ቢጠራ የሚያምን አይገኝም፤ ሁለቱም መልካም ነገሮች በከንቱ ይነቀፋሉ። ነገ እኛም ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ ስንቀመጥ ከመካከላችን ማኅተም የሚያሳርፍ አይጠፋም። ያን ጊዜ ይህን ጽሑፍ ያስታውሰው።

ልምምዳችን ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ገንዘብ አዋጥተን ከገበያ ቦሎቄ ገዛንና ለእኚያ እናት ሰጠናቸው። በዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ሠርተው ከቆጮና ከዳጣ ጋራ በአንድ ትልቅ ትሪ አቀረቡት። ጿሚውን ወንድማችንን ይቅርታ ጠየቅነውና ከመካከላችን አስቀመጥነው። ዘበኛውም ተጠርተው መጡ። ሥጋ አልነበረበትም፤ ሥጋ የት አለ ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

በአሳባችን የማይስማማ አንባቢ ቢኖር፣ በሚቀጥለው እትም እንዲመልስልን በአክብሮት እንጠይቃለን።