ነጥቡና ደቂቃው አይምታቱብን

ሰሞኑን ለመማሪያ ክፍል የሚሆን የአካባቢያችንን ካርታ ለመሥራት ተሰባስበን ነበር። ከወረቀት ካርታ ላይ የአርባ ምንጭን አቀማመጥ 6 ዲግሪ ከ02 ደቂቃ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ምሥራቅ ብለን አነበብን። ከመካከላችን አንዱ ስልኩን አወጣና 6.02 እና 37.33 ብሎ ጻፈ። ስልኩም ከተማችንን ከአባያና ከጫሞ አጠገብ ነቅሎ፣ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ወስዶ፣ የጋሞ ደጋ ላይ ሰቀላት! ሳቅን። ስንጠያየቅ ግን አብዛኞቻችን እንዲሁ እንጽፍ ነበር።

ለመሆኑ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው? ደቂቃ ከ60 የሚቆጠር ሲሆን፣ ከነጥብ በኋላ የሚጻፉት ሁለት አኃዞች ግን ከ100 የሚቆጠሩ ናቸው። 33 ደቂቃ ለ60 ሲካፈል 0.55 ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው 37.55 ነበር። 02 ደቂቃም 0.0333 ስለሚሆን 6.0333 ይጻፋል። ሰከንድ ካለ ለ3600 ተካፍሎ ይደመራል። ሲመለስ ደግሞ 0.55 በ60 ተባዝቶ 33 ደቂቃ ይሰጣል፤ ከደቂቃው ትርፍ ክፍልፋይ ቢኖር እንደገና በ60 ተባዝቶ ሰከንድ ይሆናል። በቃ፣ ይኸው ነው!

«ታዲያ ፎርሙላዋን ሸምድዶ ማለፍ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። እኛ አንስማማም። የተሸመደደ ፎርሙላ ከፈተና በኋላ ይጠፋል፤ ሰዓት ግን ከሁላችንም ጋር ነው። መናኸሪያ ሄደን አውቶቡሱ 2፡30 ይነሣል ስንባል፣ ሁለት ተኩል መሆኑን ማንም አያስረዳንም። ካርታም እንዲሁ ነው። ጨንቻ በ6 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ላይ ናት፤ ስድስት ከሩብ፣ ማለትም 6.25። 6.15 ብሎ የጻፈ ጨንቻን 11 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ አወረዳት ማለት ነው። የአገራችን የ1፡50,000 ካርታዎችም እያንዳንዳቸው በየአቅጣጫው 15 ደቂቃ የሚሸፍኑ ናቸውና፣ ጠርዞቻቸው ከሩብ፣ ተኩል፣ ሩብ ጉዳይ እያሉ ይነበባሉ።

በ60 መክፈልም ለእኛ ባዕድ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት ይከፍላሉ። ዛሬ በጂኦግራፊ ክፍል የምንጠራው ኬክሮስ ስሙ ያው ነው።

«ስልኩ ራሱ ይቀይረው የለም ወይ?» የሚሉም አሉ። ይቀይራል፤ ግን የሰጡትን ነው የሚቀይረው። 37.33 ስንለው መች ተቃወመን?

ነገሩ የቀልድ አይደለም። ነገ በየደጋውና በየቆላው ስንመደብ የትምህርት ቤቱን፣ የምንጩን፣ የጤና ኬላውን አቀማመጥ ሙሉ ተብሎ ቅጹ ከመምህሩ እጅ ይገባል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። እንዲህ ባለ ቀን «ቦታው የት ነው?» ለሚል ጠያቂ 24 ኪሎ ሜትር የሳተ ቁጥር መስጠት በሳቅ የሚታለፍ አይሆንም። መምህር ከተሳሳተ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ተሳሳተ ማለት ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችን ይህን ትምህርት ከፎርሙላ ሳይሆን ከሰዓት እንዲጀምሩልን እንጠይቃለን። እኛ ሠልጣኞችም የዲግሪውን፣ የደቂቃውን፣ የሰከንዱን ምልክት ሳንጽፍ ቁጥር አንስጥ። 37.75 ቢሆን ደቂቃ ከ60 ስለማይበልጥ አስርዮሽ መሆኑ ያስታውቃል፤ 37.33 ግን ሁለቱንም ይመስላል፣ የሚያሳስተውም እሱ ነው። የቀየርነውን መልሰን ቀይረን ከመነሻው ጋር እናመሳክር፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን!