ተረከዙን ላመመው ሁሉ ማሽን?

ጠዋት ከአልጋ ወርዶ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ሲረግጥ ተረከዙን ሚስማር የወጋው ያህል የሚያመው፣ ትንሽ ሲንቀሳቀስ የሚሻለው፣ ቆሞ ሲውል ደግሞ የሚብስበት ሰው በየቤታችን አለ። ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያይቲስ ይሉታል፤ ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ ወደ ጣቶች የሚዘረጋው የውስጥ እግር ጅማት ሲጎዳ የሚመጣ ሕመም ነው።

አሁን ለዚህም ኢላስቶግራፊ የሚባል ምርመራ አለ። ተራው አልትራሳውንድ የጅማቱን ውፍረት ያሳያል፤ ከ4 ሚሊሜትር ካለፈ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ኢላስቶግራፊ ግን ጅማቱ ምን ያህል ጠጣር እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። አንደኛው ዓይነት ጫን ሲሉት ምን ያህል እንደሚሰረጉድ ያያል፤ ሌላው ወደ ውስጥ የላከውን ሞገድ ፍጥነት ይለካል። ሞገዱ በጠጣር አካል ውስጥ ይፈጥናል፣ በላላው ይዘገያል። የታመመው ጅማት ደግሞ ብዙ ጊዜ ላልቶ ይገኛል፤ ውፍረቱ ሳይጨምር መላላቱ የታየባቸው ሕመምተኞችም አሉ። ለተመራማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለኪሳችንስ? እዚህ ላይ ቆም እንበል። የእግር ጣቶች ወደ ላይ ሲታጠፉ ጅማቱ ይወጠራል፣ ቁጥሩም አብሮ ይለወጣል። ባለሙያው መሣሪያውን ጠበቅ አድርጎ ከተጫነ ወይም ካዘነበለውም እንደዚያው። በሁሉም ማሽን ላይ የሚሠራ፣ «ከዚህ በታች በሽታ ነው» የሚያሰኝ አንድ ቁጥርም የለም።

ደግሞም ሐኪሙ ታሪኩን ሰምቶ፣ ተረከዙን በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ አብዛኛውን ጊዜ ይደርስበታል። ሕክምናው ባትንና ውስጥ እግርን ማሳሳብ፣ ደህና ጫማ፣ መቆም መቀነስና ትዕግሥት ነው። አብዛኛው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ይሻለዋል። (በኤክስሬይ «አጥንት በቅሎብሃል» ተብሎ የደነገጠ ስንቱ ነው! ያቺ ሹል ምንም በማያማቸው ሰዎችም ላይ ትገኛለች።)

ማሽኑ አይግባ አላልኩም። ምርመራው ሲያጠራጥር ወይም ወራት ታክሞ ለውጥ ሲጠፋ ይታይበት። በመጀመሪያው ቀን ከታዘዘ ግን ታካሚው «ውጤቱ ሕክምናዬን ይለውጣል ወይ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። መልሱ «አይለውጥም» ከሆነ ገንዘቡን ለጫማ ያውለው። ትኩሳት፣ እብጠት ወይም መደንዘዝ ካለ፣ ወይም ሕመሙ ሌሊት ተኝቶም ካልተወው ነገሩ ሌላ ነው፤ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ።