«አታጥፉኝ» እያለ የሚያጠፋን ኮምፒውተር!

የዛሬው ጉዳያችን የፍቅር ጭቅጭቅ አይደለም፤ ግን በየቤቱ እህትና ወንድምን እያኳረፈ ያለ ጣጣ ነው። ኮምፒውተር ሳይጠሩት «ራሴን ላድስ» ብሎ ሲነሳ የሚያመጣው መዘዝ!

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «የመመረቂያ ጽሑፌ ሊያልቅ አንድ ምዕራፍ ሲቀረው ኮምፒውተሩ አፕዴት አደርጋለሁ ብሎ ተዘጋ። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ ሰማያዊ ገጽ ብቻ! ታናሽ ወንድሜን ‹በጌምህ ያበላሸኸው አንተ ነህ› ብዬው ተኳርፈናል። የጥገና ቤቱ ልጅ ደግሞ ፎርማት ይደረግ ይላል። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ፎርማት የምትለዋን ነገር ለጊዜው እንዳትቀበዪ! ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ ማለት ጽሑፍሽ ጠፋ ማለት አይደለም። ሃርድ ዲስኩ ተፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ፋይሉ ሊገኝ ይችላል። ልጁን «መጀመሪያ ፋይሌን ገልብጥልኝ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ» በዪው። ወንድምሽን ደግሞ ዛሬውኑ ይቅርታ ጠይቂው። አፕዴት መሃል ላይ መብራት ሲሄድ ጥፋቱ የጌም አይደለም።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በገንዘባችን የገዛነው ዕቃ ሳያስፈቅደን ለምን ይዘጋል? ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ የቤት ተጠቃሚው አፕዴቱን የማቆየት ምርጫ እንኳ አልተሰጠውም ነበር። ምን ተከተለ? በጥቅምት 2018 የወጣው አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ሰነድና ፎቶ ጠራርጎ አጠፋ! ሰዎቹ የሰነድ ማስቀመጫቸውን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረው ነበር፤ አፕዴቱ ደግሞ አሮጌውን ማስቀመጫ ውስጡ ከቀረው ፋይል ጋር ደመሰሰው። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቁሞ፣ አስተካክሎ የለቀቀው በኅዳር ነው።

«እንግዲያው አፕዴቱን ጠርቅመን እንዝጋው!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኧረ ተዉ! በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይል እየቆለፈ «ገንዘብ ክፈሉ» ሲል ነበር። መከላከያው አፕዴት ግን ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ወጥቶ ነበር። ያልጫኑት ናቸው የተያዙት። ስለዚህ አፕዴት እንደ መድኃኒት ነው፤ ያሽራል፣ አንዳንዴም ያቅለሸልሻል።

የኔ ምክር ይኸውላችሁ፦

አንደኛ፣ የምትሳሱለትን ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ አትተዉት። ፍላሽ ላይም ገልብጡ፣ ለራሳችሁም በኢሜይል ላኩ።

ሁለተኛ፣ ከ2019 ወዲህ አፕዴትን ለተወሰኑ ሳምንታት ማቆየት ተፈቅዷል። የማይክሮሶፍት ዋናው አፕዴት በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ይወጣል። ፈተና ወይም ጽሑፍ ማስረከቢያ ከደረሰ አቆዩት፤ ሲያልቅ ግን ሳትረሱ ጫኑት።

ሦስተኛ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሳይሞላ አትጀምሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑራችሁ።

አራተኛ፣ ኢንተርኔት ከሞባይላችሁ የምትወስዱ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መስመሩን «ሜትርድ» አድርጉት። አለበለዚያ የገዛችሁት ጥቅል ሳታዩት እልም ይላል!

ለማሽን ብለን ከሥጋ ዘመድ ጋር አንኳረፍ። ማሽን ይጠገናል፣ የተሰበረ ልብ ግን የጥገና ቤት የለውም። ሳምንት ሰው ይበለን፤ ቸር ሰንብቱ!