የቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ከባለቋንቋው አገር ይውጣ

አንድ ሰው የማያውቀውን ቋንቋ ለመማር ሲነሣ ሁለት ነገር ይሻል፤ አንደኛው ቋንቋውን አጥርቶ የሚናገርለት ሰው፥ ሁለተኛውም የሰማውን እየመለሰ የሚያጠናበት መጽሐፍ ነው። በእናቱ ጭን ሆኖ ቋንቋውን የሚሰማ ሕፃን መጽሐፍ ባይኖረው አይጎዳም። ከአገሩ ርቆ የተወለደ ልጅ ግን ተናጋሪው ከአጠገቡ ስለሚርቅ፥ መጽሐፉም ከታጣ ቋንቋው ከቤቱ ይጠፋል። በአዲስ አበባና በውጭ አገር በተወለዱ በብዙዎች የጉራጌ ልጆች ላይ የሚታየው ይኸው ነው። አባትና እናት በጉራግኛ ሲነጋገሩ ልጁ ያዳምጣል፤ መልሱን ግን በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ለመስቀል ወይም ለአረፋ ወደ አባቱ አገር ሲወርድም ከአያቱ ጋር የሚነጋገረው በአስተርጓሚ ይሆናል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚያስችል ሥራ ዛሬ ተገኝቷል፤ ይኸውም ቋንቋ ለሚማሩ ሰዎች በስልክና በኮምፒዩተር የሚነበብ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ እያዘጋጁ መሸጥ ነው። ለዚህ ሥራ ትልቅ ማተሚያ ቤት አያስፈልግም፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በአንዲት ክፍል ተቀምጠው ሊሠሩት ይችላሉ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ቡታጅራም በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ዞን ሥር ሲተዳደሩ ኖረው፥ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፥ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም፥ ትምህርት ቤትም፥ ከሁሉም በላይ ቋንቋውን ከነለዛው የሚያውቁት ሽማግሎች በአካባቢያቸው ስለሚገኙ፥ ለእንዲህ ያለው ሥራ ከእነርሱ የተሻለ ስፍራ አይገኝም።

የመማሪያ መጻሕፍት ታሪክ ሲመረመር ግን፥ ዕውቀቱ ከኢትዮጵያውያን ሲገኝ መጽሐፉ በባዕድ አገር ሲታተም መኖሩ ይታያል። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ሲሆን፥ የታተመውም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1513 በሮም ከተማ ነው። በዚሁ አቆጣጠር በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ሄደው ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለውን ሊቅ የኢትዮጵያን ቋንቋ አስተማሩት። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት የታተሙት በ1698 ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በባሕር ሰጥመው ስለ ሞቱ የድካማቸውን ፍሬ አላዩም። ከዚያም በኋላ ኢዘንበርግ የተባለው ሚሲዮናዊ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841፥ ሰዋስዉንም በ1842 በለንደን አሳተመ። አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣልያ ሳሉ ለኢጣልያኖች የአማርኛ ሰዋስው በ1905፥ ለመንገደኞችም በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተጻፈ መምሪያ በ1908 በሮም አሳተሙ።

ለጉራግኛም የደረሰው ዕጣ ይኸው ነው። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው የጉራጌን ቋንቋዎች ቃላት ከነሥራቸው መርምረው በ3 ቅጽ ያዘጋጁት መዝገበ ቃላት በ1979 በጀርመን አገር በቪስባደን ታተመ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፉት የሽነጋ መንደር ታሪክም በሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ። እነዚህ ሥራዎች የሚመሰገኑ ናቸው፤ ነገር ግን መዝገበ ቃላቱ ለሊቃውንት ምርምር የተሠራ፥ የመንደሩም ታሪክ ለእንግሊዝኛ አንባቢ የቀረበ ስለ ሆነ፥ በመርካቶ የሚያድግ ልጅ አያቱን እንደምን አደሩ ማለትን ሊማርባቸው አይችልም።

እንዲህ ሊሆን የቻለው የአገር ሰው ለቋንቋው ሳያስብ ቀርቶ አይደለም፤ ለጥቂት አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ ማሳተም ኪሳራ ስለ ነበረ ነው። ማተሚያ ቤት 200 መጽሐፍም ቢያትም 5,000 የማሰናዳቱ ድካም አንድ ነውና፥ ጥቂት ያሳተመ ሰው የእያንዳንዱን ዋጋ ከአንባቢው አቅም በላይ ለማድረግ ይገደዳል፤ ብዙ ያሳተመም እንደ ሆነ መጽሐፉ በመጋዘን ሲያረጅ ያያል። ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ግን አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ በኋላ ለ50 ሰውም ቢሸጥ ለ5,000 የሚጨመረው ወጪ እጅግ ጥቂት ነው፤ ስሕተት ቢገኝበትም በማግስቱ ሊታረም ይችላል። የሚቀረው ወጪ ለሰው ድካም የሚከፈለው ብቻ ነው፤ ይኸውም ለጸሐፊው፥ ለአራሚው፥ ድምፁን ለሚሰጠውና ሥዕሉን ለሚሥለው ነው። ወረቀት ቀርቷል ብሎ የአራሚውን ዋጋ ጭምር የሚያስቀር አሳታሚ ግን መጽሐፍ አወጣ አይባልም።

በዚህ ሥራ የሚሰማራ ሰው በመጀመሪያ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ፊደል ነው። ጉራግኛ በአማርኛ ፊደል ተለይተው የማይጻፉ ድምፆች ስላሉት ተጨማሪ ፊደላት ተቀርጸውለታል። የዓለም ኮምፒዩተሮች የሚስማሙበት ዩኒኮድ የተባለው የፊደል መዝገብ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 የግዕዝን ፊደል ተቀበለ፤ በ2005 የሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላት ተጨመሩበት፤ በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ 28 ፊደላት ገቡበት። ይሁን እንጂ ፊደሉ በመዝገብ መግባቱ ብቻውን አይበቃም። በአንባቢው ስልክ ውስጥ የፊደሉ ቅርጽ ያልተጫነ እንደ ሆነ በቦታው ባዶ ሣጥን ብቻ ይታያል፤ ተማሪውም ጉድለቱ የስልኩ መሆኑን ስለማያውቅ ቋንቋው የማይነበብ ይመስለዋል። ኢፐብ በተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ዓይነት የፊደሉን ቅርጽ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ መላክ ይቻላል። ስለዚህ አሳታሚው መጽሐፉን ከመሸጡ በፊት ውድ ባልሆነ ስልክ ላይ እያንዳንዱን ገጽ ገልጦ መመልከት ይገባዋል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የአነጋገር ልዩነት ነው። ጉራግኛ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ የክስታኔ፥ የመስቃን፥ የምሁር፥ የቸሃ፥ የእዣና የእኖር አነጋገር እርስ በርሱ ይለያያል። በአማርኛ ሰበረ የሚባለው ቃል በእዣ በው ጠብቆ ሰበረም ሲባል፥ በጎረቤቱ በቸሃ ሰፐረም ይባላል። እንግዲህ ሁሉም የሚስማማበት አንድ የጽሕፈት ቋንቋ እስኪወሰን ድረስ መጽሐፍ ማውጣቱ ይቆይ የሚሉ ሰዎች ይኖራሉ። የአንድነት አሳብ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ውሳኔው እስኪደርስ የሚያውቁት ሽማግሎች ያልፋሉ። ወረቀት በሚያስፈልግበት ዘመን ለእያንዳንዱ አነጋገር የተለየ መጽሐፍ ማውጣት አይቻልም ነበር፤ ዛሬ ግን ይቻላል። በቡታጅራ የሚኖረው አሳታሚ የመስቃንን፥ በወልቂጤ የሚኖረውም ወደ እምድብር ወርዶ የቸሃን አነጋገር ቢያዘጋጅ አንዱ ሌላውን አይነካውም። የሚያስፈልገው በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የየትኛው አገር አነጋገር መሆኑን በግልጽ መጻፍ ነው። ሁሉን ለማስደሰት ብሎ አንዱን ከሌላው የሚቀላቅል አሳታሚ ግን ተማሪውን ማንም የማይናገረውን ቋንቋ ያስተምረዋል።

ይህ ስሕተት በአሁኑ ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ ያሰጋል። ጽሑፍን በራሳቸው የሚያሰናዱ የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ስለ ተስፋፉ፥ ቋንቋውን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው የመማሪያ መጽሐፍ በአንድ ቀን አውጥቶ ሊሸጥ ይችላል። እነዚህ መሣሪያዎች ብዙ ጽሑፍ ባላቸው ቋንቋዎች ጥሩ ይሠራሉ፤ ጥቂት ጽሑፍ ባለው ቋንቋ ግን የሌለ ቃል ፈጥረው እንዳለ አድርገው ያቀርባሉ። የእንግሊዝኛ ተማሪ የተሳሳተ መጽሐፍ ቢገዛ ሺህ ሌሎች መጻሕፍት ያርሙታል፤ የጉራግኛ ተማሪ ግን የያዛት አንዲት መጽሐፍ ከተሳሳተች የሚያርመው አያገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱ ምዕራፍ በተወላጅ ሽማግሌ ፊት ጮክ ተብሎ ተነቦ ሳይታረም እንዳይወጣ ማድረግ ለአሳታሚው የእምነት ግዴታው ነው።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ድምፅ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም፤ አለ የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ ማለት ሲሆን፥ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል፤ ገናም ሲጠብቅ በዓሉ፥ ሲላላ ያልደረሰው ጊዜ ነው። ለአገሩ ተወላጅ ይህ አያስቸግርም፤ ለተማሪው ግን ትልቅ እንቅፋት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ይህን ከጥንት ጀምሮ ስለሚያውቅ ተማሪውን ከፊደል ቀጥሎ በግዕዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ እያሻሸ ጆሮውን ያሠለጥነዋል፤ መምህሩም የሳተውን ወዲያው ይመልሰዋል። ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መምህሩን አይተካም፤ ነገር ግን የተወላጁን ድምፅ ቀርጾ ከንባቡ ጋር ቢያቀርብ የመምህሩን ሥራ ጥቂት ያግዛል።

ስለ ሽያጩም ገንዘብ አስቀድሞ መቁጠር ያሻል። በአገር ውስጥ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የተጀመረው ቴሌብር የመጽሐፍን ዋጋ ያህል ጥቂት ገንዘብ ከስልክ ወደ ስልክ ለመቀበል አመቺ ሆኗል። በውጭ አገር ለሚሸጠው ግን አማዞንን የመሰለ ትልቅ ሻጭ የራሱ ደንብ አለው። ይህ ኩባንያ ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለሆነ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ከመቶ 70 ለባለ መጽሐፉ የሚሰጥበት ስምምነት አለው፤ ይሁንና በአሜሪካ ለሚሸጠው በየሜጋባይቱ 15 ሳንቲም የማድረሻ ዋጋ አስቀድሞ ይቀንሳል። በ2.99 ዶላር የሚሸጥ መጽሐፍ ከዚህ ቅናሽ በፊት 2.09 ዶላር ያስገኛል፤ በሥዕል ከብዶ 10 ሜጋባይት ከሆነ ግን ድርሻው ወደ 1.04 ዶላር፥ ማለት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ሥዕሉን ማቅለል፥ ድምፁንም ለብቻው ማስቀመጥ ብልኅነት ነው። ደግሞም ኩባንያው የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች በዝርዝር ስለሚያስታውቅ፥ አሳታሚው መጽሐፉን ከማዘጋጀቱ በፊት ያንን ዝርዝር መመልከት ይገባዋል።

የሌላውን ድካም ማክበርም የዚህ ንግድ መሠረት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጸሐፊውን የገንዘብ ጥቅም በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ተረቱን የነገረው ሽማግሌና ድምፁን የሰጠችው ሴት ፊደል ባይቆጥሩም፥ ስማቸው በመጽሐፉ እንዲጻፍና ዋጋቸው እንዲከፈላቸው በጽሑፍ መዋዋል ይገባል። ለመጽሐፉም ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ማውጣት፥ መጽሐፉ በየትም ቢሄድ የኢትዮጵያ ልጅ መሆኑ እንዲታወቅ ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ ለአሳታሚው ብቻ የሚተው ሸክም አይደለም። የዞንና የከተማ ሹማምንት የንግድ ፈቃድ ለሚጠይቅ ወጣት ማተሚያ መኪናህ የት አለ እያሉ ሳያመላልሱ ሥራውን እንደ ሥራ ቢቆጥሩለት፥ የባህልና የትምህርት መሥሪያ ቤቶችም የታረመውን መጽሐፍ ገዝተው ለትምህርት ቤቶች ቢያድሉ፥ ትንሹ ንግድ ይቆማል። በ2004 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም የፊደሉንና የሰዋስዉን አካሄድ ቢመረምሩለት ስሕተቱ ይቀንሳል። ካህናትና ሼሆች በየደብሩና በየመስጊዱ አንደበታቸው የጠራ ሽማግሎች እነማን እንደ ሆኑ ከማንም ይልቅ ስለሚያውቁ፥ ድምፃቸው ሳያልፍ እንዲቀረጽ መምከር ይችላሉ። የአባቱን ቋንቋ የተማረ ልጅ ከአማርኛው የሚጎድልበት የለም፤ ሁለት ቋንቋ ያወቀ ሰው ሁለት ጎረቤት አለው።

የጉራጌ ሕዝብ ለአገሩ የሚበጀውን በኅብረት ማድረግ አዲስ ነገር አይሆንበትም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተወላጆቹ በማኅበር ተሰብስበው ገንዘብ እያዋጡ ወደ አገራቸው የሚያስገባ መንገድ እንዲሠራ ደክመዋል፤ ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ ለሚወርደው መንገድም እንዲህ ያለ ማኅበር ቆሞለት ነበር። ያ መንገድ ነጋዴውን ወደ ቤተ ሰቡ መለሰው። አሁን የቀረው የነጋዴው የልጅ ልጅ ከአያቱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ድንጋይና ዶማ ሳይሆን የታረመ መጽሐፍና የተቀረጸ ድምፅ ስለ ሆነ፥ ወጪው ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ነው፤ የሽማግሎቹ ዕድሜ ግን ስለማይጠብቅ ሥራው ለከርሞ የሚባል አይደለም።